የጥያቄ ምልክት የሆኑ ስሞች

መስከረም 12 ቀን

በእግር ርቃ ከልቤ ላልራቀች ልጄ፤

ሰላሙ የማይጎድል አምላክ በመውጣትሽም በመግባትሽም ይጠብቅሽ። እኔ ከጆሮዬ መድከም በቀር ደህና ነኝ። ስልክ የማላነሣው ኮርቼብሽ አይደለም፤ ድምፅሽ ከሩቅ እንደ ንብ እየጮኸ ይመጣና ቃሉ ሳይለይልኝ ይቀራል። ስለዚህ እንደ ልማዳችን በወረቀት እንነጋገር።

«የእማማን መቃብር ቁጥር ዛሬ ምን አስፈለገዎት?» ብለሽ ጠይቀሻል። መጠየቅሽ ተገቢ ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ስለ ቁጥር አንሥቼብሽ አላውቅም። ነገሩ እንዲህ ነው። በወረርሽኙ ጊዜ የሞቱት የተቀበሩበት ኮረብታ ተደልድሎ መንገድ ሊያልፍበት ነው። እስከ ኅዳር 20 ቀን የመቃብሩን ቁጥር ይዞ የቀረበ ቤተሰብ ዐፅሙን አንሥቶ በወደደው ቦታ እንዲያሳርፍ ተፈቅዷል። ከዚያ ወዲያ የቀረው ሁሉ በአንድ ጉድጓድ ይጠቃለላል። በመቃብሮቹ ላይ ደግሞ ስም የለም፤ በየራስጌው የተተከለው ቁጥር ብቻ ነው። የጽሕፈት ቤቱ የወረቀት መዝገብ የጣራ ፍሳሽ አግኝቶት፣ ገጹ ከገጽ ተጣብቆ በስብሷል።

አሁን የቀረን ነገር ቢኖር ወንድምሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያን ጊዜ የቀብር መዝገብ ያዥ ሳለ በራሱ ኮምፒውተር የጻፈው የአራት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰዎች ዝርዝር ነው። ከማረፉ በፊት በአንዲት ፍላሽ አድርጎ «አባባ፣ ይህችን ይጠብቁልኝ» ብሎ ሰጥቶኝ ነበር። ኮምፒውተሩ ከእርሱ በኋላ አልበራም።

ፍላሿን ይዤ ወደ መቃብር ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። ጸሐፊውን ባለጉዳይ ሁሉ «ነገ ና» ብሎ ይጠራዋል፤ ከአፉ የሚወጣው ይኸው ነውና። ያን ቀን ምን እንደ ነካው አላውቅም፣ «ዛሬ» አለኝ። ኮምፒውተሩ ጀርባው እንደ ምድጃ የወፈረ አሮጌ ነው። ስንከፍተው ዕድሜውና ቀኑ ደህና ሆኖ በስሞቹ ቦታ ባዶ ባዶ ሳጥን ተደርድሮ አየን። ነገ ና ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጻፊያ ፕሮግራም ሲያዛውረው ሳጥኖቹ ሄዱና የጥያቄ ምልክት ሆኑ። እኔም ተጽናናሁ። አርባ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ስኖር ያጠራጠረኝን ቃል ሁሉ በኅዳጉ ላይ በጥያቄ ምልክት አስይዝ ነበርና፣ መሣሪያው ጠየቀ እንጂ አልካደም አልሁ።

አንቺ በቤተ መጻሕፍቱ የቆዩ ጽሑፎችን ከአሮጌ ኮምፒውተር ወደ አዲስ ስታሻግሪ የምትውዪ ነሽ፤ ይህ ለአንቺ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ነገ ና የገለበጠልኝን አዲስ ፍላሽ በዚህ ፖስታ ውስጥ አኑሬልሻለሁ። የእናትሽን ቁጥር ብቻ አውጥተሽ ላኪልኝ፤ የሌላው አያስፈልገኝም። ስለ እናትሽ የመጨረሻ ቀናት የጠየቅሽኝን ደግሞ በሌላ ጊዜ እመልስልሻለሁ። ዛሬ ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ነው።

አባትሽ

መስከረም 24 ቀን

ለአባባ፤

እንዴት ከረሙልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ፖስታዎን ስከፍት አጠገቤ የምትሠራው ልጅ አሻግራ አይታ «ይሄ በእጅ የተጻፈ ነው? የአባትሽ ጽሕፈት ከእኛ ማተሚያ ይበልጣል እኮ» አለችኝ። ደስ እንዲልዎት ነው የነገርኩዎት፤ ምክንያቱም ከዚህ በታች ያለው ደስ አይልም።

አባባ፣ ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም። የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ማተሚያ ቤት በነበሩበት ጊዜ የእርሳስ ፊደል የሚቀመጥበት፣ በትናንሽ ክፍል የተከፋፈለ ትልቅ ሳጥን አልነበረም? ፊደል ለቃሚው ሳያይ እጁን ሰዶ የሚያነሣበት። እንደዚያ አድርገው ያስቡት። ኮምፒውተሩ የሚይዘው ፊደሉን ሳይሆን ፊደሉ ያለበትን ክፍል ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሚቀመጥባት ትንሽ ቦታ ባይት ትባላለች፤ አንዲት ባይት ከዜሮ እስከ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ካለው ቁጥር አንዱን ብቻ ትይዛለች። አሮጌዎቹ መሣሪያዎች ለአንድ ፊደል አንድ ባይት ብቻ ሰጡ። ስለዚህ ሳጥናቸው ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ክፍል ነው፤ እሱንም የሌሎች አገሮች ፊደል ሞልቶታል። የእኛ ፊደል ሲመጣ ቦታ የለም። በኋላ ግን ለዓለም ፊደል ሁሉ የየራሱ ቁጥር ተሰጠው፤ የእኛ አንዱ ፊደል በሦስት ባይት መጻፍ ጀመረ። «መ» ማለት 225፣ 136፣ 152 ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ሲነበቡ «መ» ይሆናሉ።

ወንድሜ ጋሼ ዝርዝሩን የጻፈው በአዲሱ ነው። ያዩት ባዶ ሳጥን ስሞቹ ራሳቸው ነበሩ፣ አባባ። ቁጥራቸው ሳይነካ ተቀምጦ ነበር፤ ያ አሮጌ ኮምፒውተር የፊደሉ መልክ ስላልተጫነበት ብቻ ነው ያላሳየዎት። እኔ ጋ ቢመጡ ገና ስከፍተው አነባቸው ነበር።

የጥያቄ ምልክቱ ግን ሌላ ነው። የላኩልኝን ፋይል ከፍቼ ባይቶቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። 63፣ 63፣ 63፣ 63 ይላል፤ ከላይ እስከ ታች። 63 የጥያቄ ምልክት ቁጥር ነው። መሣሪያው ክፍል ያጣለትን ፊደል ሁሉ እየጣለ በቦታው 63 አስቀመጠ። አልጠየቀም፣ አባባ። ጣለው።

አይጨነቁ ግን፤ ዋናዋ ፍላሽ እጅዎ ላይ ናት። ነገ ና እንዳይነካት፤ ማንም እንዳይከፍታት። በጥጥ ጠቅልለው በአደራ ደብዳቤ ይላኩልኝ።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ያን ጊዜ «በእጄ አፈር አልብሼ ቀበርኋት» ብለው ጽፈውልኝ ነበር። ደብዳቤው አሁንም አለኝ። ታዲያ ቦታዋን ከዝርዝር ላይ የሚፈልጉት ለምንድን ነው?

ልጅዎ

ጥቅምት 4 ቀን

ለልጄ፤

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ። መቅደድ ምን ያህል እንደሚቀናኝ ከዚህ በታች ታነቢያለሽ።

ዋናዋ ፍላሽ የለችም።

የማተሚያ ቤታችንን ሥርዐት ልንገርሽ፤ ለማመካኘት ሳይሆን እንዴት እንደ ሆነ እንድታውቂው። እርማት ተለቅሞ አዲስ ገጽ ሲወጣ፣ አሮጌውን ገጽ አራሚው ራሱ በምስክር ፊት ይቀድደው ነበር። አንድ ጊዜ ሳይቀደድ የቀረ አሮጌ ገጽ ተሳስቶ ወደ ማተሚያው ሄዶ ሦስት ሺህ መጽሐፍ ተቃጥሏል። ከዚያ ወዲህ በእኔ ጠረጴዛ ላይ አሮጌና አዲስ ገጽ ጎን ለጎን አድሮ አያውቅም። የቤቱ ሠራተኞች «ቀዳጁ» ይሉኝ የነበረው በዚህ ነው፤ እኔም ስሙን እንደ ማዕርግ ቆጥሬው ኖርሁ።

ነገ ና ዝርዝሩን ሲያዛውር በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ አንድ ጽሑፍ በባዕድ ቋንቋ ብቅ አለ። «አባት፣ እሺ ልበለው ወይስ ልተወው?» አለኝ። «ምን ይላል?» አልሁት። «እኔ እንጃ፤ ሁልጊዜ እሺ ነው የምለው» አለ። «እንግዲያስ እሺ በለው» አልሁ። እንግዲህ ልብ በይ፤ ልጄ፤ አርባ ዓመት ያላነበብሁትን ገጽ ፈርሜ አላሳለፍሁም። ያን ቀን ግን አሳለፍሁ።

ከዚያም አዲሱ ፍላሽ ከተገለበጠ በኋላ፣ አሮጌዋ ባዶ ሳጥን ብቻ የያዘች የተበላሸች ናትና ወደ ፊት ታሳስታለች ብዬ፣ ከነገ ና ፒንሳ ተውሼ በፊቱ ለሁለት ሰበርኋት። ስብርባሪዋን መጸዳጃ ቤት ጣልሁት። ነገ ና «አባት፣ አይ ጥንቃቄ!» ብሎ አመሰገነኝ። እኔም ምስጋናውን ተቀብዬ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ሦስት ቁጥሮች አንድ ፊደል እንደሚሆኑ ስታስረጂኝ በልቤ ምን እንደ መጣ አንቺም ትገምቻለሽ። በሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ገጽ ሙሉ እጽፍልሽ ነበር። ዛሬ ግን በዚህ ነገር ላይ መራቀቅ የሚገባኝ ሰው አይደለሁም።

የሚቻል ነገር ካለ ንገሪኝ፤ የማይቻልም ከሆነ አትደብቂኝ። በመጨረሻ ለጠየቅሽኝ ጥያቄ መልሱን በዚህ ደብዳቤ አትፈልጊው፤ የለበትም።

አባትሽ

ጥቅምት 13 ቀን

ለአባባ፤

ሁለት ቀን ሙሉ ልጽፍልዎት አልቻልኩም። ብጽፍ የምጽፈው ለአባት የሚጻፍ አልነበረም።

የጠየቁትን በቀጥታ ልመልስ። የጠፋው አይመለስም። ሰዎች ብዙ ጊዜ የተበላሸ ጽሑፍ ያመጡልኛል፤ በሌላ ሳጥን ቁጥር ተነቦ የተዘበራረቀ። ያ ይድናል፤ ቁጥሩ አለና ትክክለኛውን ሳጥን መፈለግ ብቻ ነው። የእርስዎ ግን የተዘበራረቀ አይደለም። «መ» የነበረውም 63 ሆኗል፣ «ረ» የነበረውም 63 ሆኗል። ከ63 ወደ ኋላ የሚወስድ መንገድ የለም። አለቃዬን ጠየቅኩ፤ ሌላም ሁለት ሰው ጠየቅኩ። አንደኛው «ፋይሉን ሳይሆን ጠረጴዛውን ብትጠይቂው ይሻላል» ብሎ ቀለደ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ።

የቀረልን ይህ ነው። አሃዝ በአሮጌውም በአዲሱም ሳጥን አንድ ቦታ ስላለው አልተነካም። የመቃብሩ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ የቀብር ቀን ሁሉ ሙሉ ነው። በስም በኩል ደግሞ አንድ ፊደል አንድ ጥያቄ ሆኗል፤ በስምና በአባት ስም መካከል ያለው ክፍተትም አልጠፋም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ስም ርዝመት እናውቃለን። የእማማ ስም አራት ፊደል፣ የአያቴ አምስት። ዕድሜዋ ስድሳ አንድ። ጋሼ የጻፈው እንዲህ ሊሆን ይገባል፦

???? ?????   61

ፈለግኩ። በዝርዝሩ ውስጥ እንዲህ ያለ መስመር ሰባት ጊዜ አለ። ሰባቱን የሚለያቸው የቀብሩ ቀን ብቻ ነው። እርስዎ «ሰኔ 14 ቀን ዐረፈች፤ በዚያው ቀን ቀበርኋት» ብለው ጽፈውልኛል። ሰኔ 14 ከተቀበሩት ስድስት ሰዎች ውስጥ ስድሳ አንድ ዓመት የሞላው አንድም የለም። ከሰባቱ መስመር አንዱም ሰኔ 14 አይደለም።

ጋሼ ሰው ሁሉ በሚሸሽበት ጊዜ እዚያ ኮረብታ ላይ ቆሞ የጻፈ ሰው ነው። የእናቱን ቀን አይሳሳትም።

አባባ፣ ኅዳር 20 ሩቅ አይደለም። ፈቃድ ጠይቄ ተከልክያለሁ፤ ልመጣ አልችልም። ሰላምታም ጤናም አይጻፉልኝ። እማማ የሞተችው መቼ ነው?

ልጅዎ

ጥቅምት 22 ቀን

ልጄ፤

ሰኔ 9 ቀን።

ይህን ብቻ ጽፌ ፖስታውን ልዘጋው ነበር። ነገር ግን ሦስት ዓመት የተሸከምሁትን ግማሹን አራግፌ ግማሹን ብይዝ ዳግመኛ መዋሸት ነውና ሁሉንም ተቀበዪኝ።

እናትሽ የታመመች ዕለት እኔ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብቼ በሩን ቈለፍሁ። ያን ጊዜ በየቤቱ እንዲህ ያደረገ ብዙ ነበር፤ ይህ ግን ለእኔ መልስ አይሆንም፤ እኔ ሌሎችን «አይዟችሁ፤ አትፍሩ» እያልሁ ስመክር የኖርሁ ነኝና። ከበሩ ማዶ ትጠራኝ ነበር። ውሃ ነበር የምትለው። በብርጭቆ ቀድቼ በሩን ገርበብ አድርጌ ወለሉ ላይ አኖርሁና መልሼ ዘጋሁ። ከአልጋዋ እስከ ብርጭቆው ስድስት እርምጃ ነው። አልደረሰችበትም። ወንድምሽ ከሥራ ሲመለስ ብርጭቆውን እንደ ሞላ፣ እርሷን ከአልጋው ወርዳ መሬት ላይ አገኛት።

አምቡላንስ ወሰዳት። በሦስተኛው ቀን፣ ሰኔ 9፣ ወንድምሽ መጥቶ በበሩ ላይ ቆመ። «አባባ፣ እማማ ዐረፈች። ይምጡ፤ ከሩቅም ቢሆን ቆመው ጸሎቱን ያድርሱላት፤ ሌላ የሚያደርስላት የለም» አለኝ። የጸሎት መጽሐፌ በእጄ ነበረ። ገጹም ተከፍቶ ነበረ። አልወጣሁም። «አንተ አድርስላት» አልሁት። «እኔ አላውቅበትም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያላስተማርሁት እኔ ነኝ። እናትሽ ያለ አንዲት ቃል ወደ አፈር ገባች።

ማታውን ተመልሶ መጣና «ቁጥሯ» ብሎ ጀመረ። «አትንገረኝ» አልሁት። ቁጥሩን ካወቅሁ መሄድ ይኖርብኛልና። ከዚያ በኋላ ጠይቄው አላውቅም፤ እርሱም ዳግመኛ አላነሣውም። ከማረፉ በፊት ያችን ፍላሽ የሰጠኝ ለምን እንደ ነበረ አሁን ገብቶኛል። እንዳይነግረኝ የከለከልሁትን በእጄ አስጨብጦኝ ሄደ። እኔም ሰበርሁት።

ከክፍሌ የወጣሁት ሰኔ 14 ነው። የሞቷን ደብዳቤ ለአንቺ የጻፍሁት በዚያው ቀን ነው። ሞቷን በወጣሁበት ቀን አደረግሁት።

ይህን ለአምላኬ በየቀኑ ስነግረው ኖሬአለሁ። ለአንቺ መንገር ግን ከብዶኝ ነበር። እርሱ ቀድሞ ያውቀዋልና አያፍርብኝም፤ አንቺ ግን ታፍሪብኛለሽ።

አባትሽ

ኅዳር 1 ቀን

ለአባባ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለ እሱ አሁን ምንም አልጽፍም።

ሰኔ 9 ቀን ሃያ ሦስት ሰው ተቀብሯል። ከሰባቱ መስመር በዚያ ቀን ያሉት ሁለት ናቸው፦

147   ???? ?????   61
151   ???? ?????   61

አንድ ዕድሜ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ርዝመት። ከሁለቱ አንዷ እማማ ናት። ሌላዋ ማን እንደ ሆነች አላውቅም፤ ከዚህ በላይ ፋይሉ ውስጥ የሚለያቸው ነገር የለም። ባይቶቹን ደግሜ ደጋግሜ አይቻለሁ። ከመቃብር ቁጥራቸው በቀር ፍጹም አንድ ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። «የእናትሽን ቁጥር ብቻ፤ የሌላው አያስፈልገኝም» ብለው ነበር። አባባ፣ ሌሎቹ አራት መቶ ዐሥራ አንድ ሰዎችም ቤተሰብ አላቸው። ሁሉም ቁጥር ፈላጊ ነው፤ ሁሉም ወደ ነገ ና እየሄደ ነው፤ ነገ ና ደግሞ የሚያሳያቸው የእኛን የጥያቄ ምልክት ነው። ዝርዝሩን በዕድሜና በቀን ለይቼ፣ የስሙን ርዝመት በአሃዝ ጽፌ አትሜ ልኬልዎታለሁ። ለጽሕፈት ቤቱ ይስጡት። ቢያንስ በቀንና በዕድሜ ራሱን የሚያገኝ ይኖራል።

ማን እንዳደረገውም ይንገሯቸው።

ልጅዎ

ኅዳር 27 ቀን

ልጄ፤

ተፈጽሟል። እንዴት እንደ ሆነ በቅደም ተከተሉ ልንገርሽ።

የላክሽውን ዝርዝር ለነገ ና ሰጠሁት። ከኅዳር 12 ጀምሮ በኮረብታው ላይ በድምፅ ማጉያ ያነብበው ነበር፤ ስም ስለሌለ «ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም፤ ሠላሳ አራት ዓመት፤ ግንቦት 27 ቀን፤ ስሙ ሦስት፣ የአባት ስም አራት ፊደል» እያለ። ሰዉ ቆሞ በጣቱ ፊደል ይቈጥራል። ዘጠና አራት ቤተሰብ ቁጥሩን አገኘ። በሌሎቹ ላይ ጠብ ተነሣ፤ ለአንድ ቁጥር አራትና አምስት ቤት ይሻማ ነበር። አንዲት ሴት «የባሌን ልደት በትክክል ባውቅ ኖሮ!» እያለች ጭንቅላቷን ስትደበድብ አየሁ።

በአራተኛው ቀን ሰኔ 9 ደረሰ። ስድሳ አንድ ዓመት፣ አራት ፊደል፣ አምስት ፊደል ሲል እኔ ወደ ፊት ወጣሁ። ሌላም አንድ ሰው ወጣ፤ በገበያው መግቢያ ላይ ቁልፍ የሚሠራ፣ ወደ አርባ የተጠጋ ጐልማሳ። በሁለቱ መቃብሮች መካከል ተገናኘን።

«የማን ነዎት?» አለኝ።

«የሚስቴ። አንተስ?»

«የእናቴ። ቀብሯ ላይ ነበሩ፣ አባት? ካወቁ ይንገሩኝና ልገላገል።»

«አልነበርሁም።»

«እኔም። ሱቄን ዘግቼ ተኝቼ ነበር።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ይህን ጉድ ያመጣብን አንድ ሽማግሌ ነው ይላሉ። ዝርዝሩን አስደምስሶ ዋናውን በፒንሳ ሰበረው አሉ። እስቲ ይታይዎት! ዕብድ ነው ወይስ ጠላት?»

«እኔ ነኝ» አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝም አልከላከልም ነበር። ሰዉ ሰምቶ ከበበን። ነገ ና ማጉያውን አጥፍቶ ወረደና «አባት ክፉ አስበው አይደለም፤ እኔም እሺ ብያለሁ» አለ፤ ስለዚህም ሁለታችንም ተሰደብን። ስድቡን አልጽፍልሽም፤ ሁሉም ልክ ነበር።

ጩኸቱ ሲበርድ ቁልፍ ሠሪውን «አንተ ቀድመህ ምረጥ» አልሁት።

«ልምረጥ? እናት እንደ ጫማ ትመረጣለች?»

«ካልመረጥህ ሁለቱም ወደ ጉድጓዱ ይገባሉ።»

ወደ እግሩ ተመለከተ። 151 አጠገብ ቆሞ ነበር። «እግሬ እዚህ አምጥቶኛል፤ ይህችን እወስዳለሁ» አለ። ፈረመና ዞር ብሎ «እርስዎን በለቅሶዬ ላይ እንዳላይዎት» አለኝ። አላየኝም፤ አልሄድሁም።

እኔ 147ን ወሰድሁ። ወንድምሽ ባለበት ቦታ አጠገብ አሳረፍኋት። ጸሎቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አደረስሁ፤ ድምፄ አልተቈረጠም። ስም የሚጠራበት ቦታ ስደርስ የእናትሽን ስም ጠራሁ። የማን እናት እንደ ነበረች አላውቅም።

ሦስት መቶ ዐሥራ ስድስቱ ኅዳር 21 ቀን በአንድ ጉድጓድ ተጠቃለሉ። በዚያም ቆሜ ጸሎቱን አደረስሁ። ማንም አልከለከለኝም፤ ማንም አብሮኝ አልቆመም።

አባትሽ

ጥር 8 ቀን

ልጄ፤

ደብዳቤሽ አጭር ነበር፤ እኔም ለጥያቄዎችሽ በአጭሩ እመልሳለሁ።

«ሲያወጧት አይተዋታል?» አዎን፤ አይቻለሁ። ዞር አላልሁም።

«ምንም የሚታወቅ ነገር አልነበረም?» አልነበረም። ሁሉም የተጠቀለሉት በአንድ ዐይነት ላስቲክ ነው። ጸጉር ነበረ፤ የእናትሽን ይመስላል ብዬ ልጽፍልሽ ብዕሬን አንሥቼ ነበር። አይመስልም፤ ምንም አይመስልም። ጸጉር ብቻ ነበረ።

«አሁን ምን ያደርጋሉ?» ይህን ልንገርሽ። አምላክ የማንንም ስም አይረሳም፤ ለዚህ ዝርዝር አያስፈልገውም። የሚረሳው ሰው ነው፤ የጠፋውም ከሰው ነው፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ያተምሽውን ወረቀት ይዤ ቤት ለቤት እዞራለሁ። በር አንኳኩቼ «በወረርሽኙ ጊዜ ሰው ሞቶባችኋል?» እላለሁ። አንዳንዱ በሩን ይዘጋብኛል፤ የተዘጋ በር ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ልዩነቱ አሁን በውጭ በኩል መቆሜ ነው። የሚከፍትልኝ ካለ ቀኑን፣ ዕድሜውን፣ ስሙን ይነግረኛል፤ ፊደሉን ቈጥሬ መስመሩን ፈልጌ በእርሳስ እጽፋለሁ። የተሞላው በየሳምንቱ በጸሎት ይነበባል። ዐፅማቸውን የሚለይ ምንም ነገር አይኖርም፤ መንገዱ ተሠርቷል፣ መኪና ያልፍበታል። ስማቸው ግን ይጠራል። እስከ ዛሬ ሠላሳ አንድ መስመር ሞልቷል።

ትናንት ቀትር ላይ የቤቴ በር ተንኳኳ። ቁልፍ ሠሪው ነው። አልገባም አለ፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ የሥራ ልብሱን ኪስ ሲዳብስ ቆየ።

«ስም እየጻፉ ነው አሉኝ» አለ።

«አዎን።»

«የእናቴንም ይጻፉልኝ።» ስሟን ከነአባቷ ነገረኝ። አራት ፊደል፤ አምስት ፊደል። ወረቀቱን አውጥቼ ሁለቱን መስመሮች አሳየሁትና «በየትኛው ላይ ልጻፍ?» አልሁት።

«በሁለቱም ላይ።»

ጻፍሁ። እርሳሱን ሳስቀምጥ «የእርስዎስ?» አለኝ። «የእርስዎንም በሁለቱም ላይ ይጻፉ እንጂ። እኔ የያዝኋት የእርስዎ ብትሆን ስም ሳይኖራት ልትተኛ ነው?»

ከስሟ ሥር የእናትሽን ስም ጻፍሁ፤ በ147ም፣ በ151ም። ቆሞ አየኝ። «እሑድ እሑድ መቃብሯ ላይ ውሃ አፈስሳለሁ» አለና ሄደ። ሰላም አላለኝም። ይቅር ብያለሁም አላለኝም።

አንቺም ይቅር ብለሽኝ እንደ ሆነ እንዳልጠይቅሽ አዝዘሽኛል። አልጠይቅም። ነገር ግን ዝርዝሩን አንድ ጊዜ እንደ ገና አትመሽ ላኪልኝ፤ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ቦታ ሰፋ አድርጊው። በአንዱ መስመር ላይ ከአንድ በላይ ስም የሚጻፍበት ብዙ ነውና ያለኝ ወረቀት አይበቃም።

አባትሽ